ከፊተኛው አግዳሚ የምትቀመጠው ሴት

አቃቂ፣ ጥቅምት 20 ቀን 1956 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለቀናው፣

እንዴት ሰነበትክ? የሳሪሱ አቦ መንገዳችሁን ይጥረግላችሁ፣ ሐዲዱን ያቅናላችሁ። እኔ ተመስገን፣ ደህና ነኝ። ትከሻዬን ብቻ ትንሽ ያመኛል፤ ጥቅልል ተሸክሞ ጣቢያ ሄዶ፣ ያንኑ ጥቅልል ተሸክሞ ቤት መመለስ ለትከሻ አይመችም።

ምርቃቱን ጨርሻለሁ፣ አሁን ወደ ነገሬ ልግባ። አያቶቻችን የእህትና የወንድም ልጆች ናቸው። ሩቅ ዘመድ ነን ካልክ ሩቅ ነን፤ ግን ከአገር ቤት መጥተህ ምድር ባቡር እስክትቀጠር ድረስ እኔ ቤት ስትበላ «ሩቅ ነን» ስትል አልሰማሁህም። ታዲያ ሰው በሞላበት ጣቢያ፣ ባቡሩ እየጮኸ፣ «እትዬ፣ የይለፍ ወረቀቱ ለስምንት ሰው ነው፤ የቲያትሩን ቃል ማስታወሱን መምህር ተክሌ ይዞታል» ትለኛለህ? ዋዜማውን ምላስህን ማን ቆልፎብህ ነበር? ለዘጠኝ ሰው ዳቦ ቆሎ ቆልቼ ነበር። ዳቦ ቆሎውን ወሰድክ፣ እኔን ተውክ!

«ቲያትሩ በተማረ ሰው እጅ ይሁን» ብለሃል አሉ። ይሁን። እኔ ፊደል የለየሁት ስኳር ከተጠቀለለበት ጋዜጣ ላይ ነው፤ ማንም ጎኔ ቁጭ ብሎ ሀ ሁ አላለኝም። ግን አንተ የጻፍከውን «አማቹ ሲያንቀላፋ»ን ከራስ እስከ እግሩ ሸምድጄ፣ እነዚያን ስድስት የፋብሪካችን ሸማኔዎች ቃል በቃል ያስጠናኋቸው እኔ ነኝ። መገርሳ የገዛ ስሙን መጻፍ አይችልም። እንቅልፋሙን ሙሽራ ሆኖ ሲወጣ ግን አቃቂ በሙሉ ሆዱን ይይዛል። ያ ሁሉ ሳቅ ከየት የመጣ መሰለህ? ከደመና ነው የዘነበው?

ክፉ አልመኝላችሁም። ጾመ ነቢያት ሳይገባ ድሬዳዋ ካልቀናችሁ ፋብሪካው ሁለተኛ የወር ፈቃድ እንደማይሰጥ አውቃለሁ። ፈቃድ ከሌለ የቲያትር ማኅበሩም የለም። ስለዚህ ይቅናችሁ። እኔ ግን ተቀይሜያለሁ። መቀየሜም በጽሑፍ ይቀመጥ።

በጣቢያ የቀረችው ዘመድህ፣
አሰለፈች


ናዝሬት፣ ጥቅምት 27 ቀን 1956 ዓ.ም.

ለተከበሩ እትዬ አሰለፈች፣

በቅድሚያ ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ እያልኩ፣ ከእግርዎ ዝቅ ብዬ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ደብዳቤዎን የባቡሩ ተቆጣጣሪ ሮሪሳ በእጄ አድርሶኛል። ይህንንም እሱው ያመጣልዎታል።

ጥፋቴን አምናለሁ። ዋዜማውን ልነግርዎ በርዎ ድረስ መጥቼ ነበር። ዳቦ ቆሎ ሲቆሉ አየሁና ተመለስኩ።

እኛ ደህና ነን። ሞጆ ሁለት ጊዜ ሠራን፤ ሰው መጥቷል። ናዝሬትም ሰው መጥቷል። አየሩ ሞቃት ነው። ሁሉም ሰላም ይሉዎታል፤ መገርሳ በተለይ።

አንድ ነገር ባላስቸግርዎ፣ እርስዎ ጋ ያለውን ደብተር፣ ሲያስጠኑበት የነበረውን ማለቴ ነው፣ ለሮሪሳ ቢሰጡልኝ። መምህር ተክሌ የያዘው ግልባጭ አንዳንድ ቦታ ቃል የዘለለ ይመስለኛል። ሌላ ችግር የለም።

አክባሪዎ፣
ቀናው


አቃቂ፣ ጥቅምት 30 ቀን 1956 ዓ.ም.

ለቀናው፣

የላከውን የማያሳፍር አምላክ ከናንተ ጋር ይሁን። ደብተሩ ይኸው። ዘይት የነካው ገጽ ላይ እንዳትስቁ፤ የማሽን ዘይት ነው። በምሳ ሰዓት ነበር የማስጠናቸው።

የመምህር ተክሌን ጽሕፈት አይቻለሁ፣ እንደ ዳዊት የተጻፈ ነው፣ አንድም ቃል አይዘልም። ስለዚህ ሌላ ነገር አለ። «ሰው መጥቷል» አልክ፤ ሁለት ጊዜ አልክ። ሰው ሳቀ ግን አላልክም። አየሩ ሞቃት መሆኑን ደግሞ ማን ጠየቀህ?

«በርዎ ድረስ መጥቼ ነበር» ስላልከኝ ግን አመሰግናለሁ። አልዋሽህም፣ ያቺን መስመር ሳነብ ልቤ ትንሽ ለዘብ ብሏል። ብዙ አይምሰልህ።

አሰለፈች


ናዝሬት፣ ኅዳር 3 ቀን 1956 ዓ.ም.

ለተከበሩ እትዬ፣

ሰላምና ጤና ከቤትዎ አይራቅ። ደብተሩ ደርሶናል፤ እግዜር ይስጥልን። መምህር ተክሌም እጅ ነስቷል፤ በቃሉ ግን አይደለም፣ ጉሮሮው ተዘግቷል። ትንሽ ማር ቢገኝና በሮሪሳ ቢላክ መልካም ነበር። ነገ ወደ አዋሽ እንሄዳለን።

ስለ ሳቁ የጠየቁኝን በሌላ ጊዜ እጽፋለሁ። ባቡሩ ሊነሳ ነው።

ቀናው


አቃቂ፣ ኅዳር 5 ቀን 1956 ዓ.ም.

አንተ ቀናው፣

ሰላምታህን ከማሩ ጋር ጠጣው። አንድ ጣሳ ሙሉ ነው፤ የቱሉ ዲምቱ ማር ነው፣ ከመገርሳ አጎት ቤት ያመጣሁት። ሰውዬው ዋጋ አልቀበልም አለ፤ «ለልጄ ጉሮሮ ከሆነ» አለኝ። የመገርሳ ጉሮሮ እንዳልሆነ አልነገርኩትም።

አሁን ስማ። ቃል አስታዋሽ ከመጋረጃ ኋላ ቆሞ የሚያንሾካሹክ ሰው ነው። ሹክሹክታ ጉሮሮ ይዘጋል ወይ? ተክሌ ምን ሲሆን ነው ድምፁ የጠፋው? ሮሪሳን ያዝኩት። መጀመሪያ «እኔ ደብዳቤ አመላላሽ እንጂ ወሬ አመላላሽ አይደለሁም» አለ። ሁለተኛ ስጠይቀው ባርኔጣውን አወለቀ። ሦስተኛ ስጠይቀው «እትዬ፣ ናዝሬት ላይ ያፏጩባቸው ነበር» አለኝ።

ያፏጩባቸው! በእነዚያ ልጆች! አንተ ሰውዬ፣ እውነቱን ጻፍልኝ። ለክብርህ ብለህ እነሱን አታዋርድብኝ። ጾሙ ሊገባ አሥር ቀን ነው የቀረው።

አሰለፈች


አዋሽ፣ ኅዳር 7 ቀን 1956 ዓ.ም.

እትዬ አሰለፈች፣

የሚጻፍ ሰላምታ አጣሁ፤ ያለ ሰላምታ ይቀበሉኝ።

እውነቱ ይኸው። እዚያ አቃቂ እንደ ውኃ ይወርድ የነበረው ቃል ከሞጆ ጀምሮ ደረቀ። የመጀመሪያውን ክፍል እንደምንም ያልፉታል። ሁለተኛው ላይ ሲደርሱ አንዱ ይቆማል፤ ሲቆም ሌላውም ይቆማል። ተክሌ ከመጋረጃ ኋላ ይነግራቸዋል፣ እነሱ ግን እንዳልሰሙ ዝም ብለው ሕዝቡን ያያሉ። በዓይናቸው አግዳሚ ላግዳሚ እየዞሩ ሰው የሚፈልጉ ነው የሚመስሉት።

ናዝሬት መገርሳ ሙሽራ ሆኖ አንቀላፋ፤ እንዲያንቀላፋ ነው የተጻፈው። የሚነቃበት ቃል ደረሰ፣ አልነቃም። ተክሌ አንሾካሾከ። አልነቃም። ተክሌ ድምፁን ከፍ አደረገና «ተነስ! ‹ጠጁ ደረሰ ወይ› በል!» አለው። ይኼኔ አንዱ ከሕዝቡ መሀል «ኧረ አንተ ሙሽራ፣ ‹ጠጁ ደረሰ ወይ› በል ተብለሃል!» ብሎ ጮኸ። አንዲት ሴትዮ ደግሞ «ተዉት ይተኛበት፣ የደከመው ነው!» አለች። ሳቅስ ሳቁ፣ እትዬ። የሳቁት ግን በእኛ ነው። መገርሳ ከዚያ ወዲህ እህል አልቀመሰም ቢባል ማጋነን አይደለም። አዋሽ ትናንት ከዚህ አልተሻለም፤ ተክሌ ማሩንም ጠጥቶ ድምፁን ጨርሶታል።

አንዱንም ጠየቅኩ፣ ሁሉንም ጠየቅኩ፤ «እንጃ፣ ጠፋብን» ነው መልሳቸው። እኔ መቼም በር ላይና መጋረጃ ገመድ ላይ ስለምውል ውስጡን አላየውም። አንድ የማስታውሰው፣ አቃቂ ስንሠራ እርስዎ ሁልጊዜ ከፊተኛው አግዳሚ መሀል ተቀምጠው ከንፈርዎን እያንቀሳቀሱ ይጸልዩልን ነበር። ያ ጸሎት የጎደለብን መሰለኝ።

ኩራቴን ጥያለሁ። ከምድር ባቡር የተሰጠኝን የራሴን የይለፍ ወረቀት በሮሪሳ ልኬልዎታለሁ። በእሱ ይምጡልን። ድሬዳዋ ኅዳር 14 ነው፣ በማግስቱ ጾሙ ይገባል፣ የሠራተኛው ክበብ አዳራሽ ተይዟል። እኔ ብቀርም እርስዎ ይምጡ።

የበደለዎ ወንድምዎ፣
ቀናው


አቃቂ፣ ኅዳር 10 ቀን 1956 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለቀናው፣

ድምፁን የዘጋ አምላክ አፉን ይክፈትላችሁ። የይለፍ ወረቀትህን ይኸው መልሻለሁ። በቂም አይደለም፣ አትፍራ። የክፍላችንን አለቃ፣ ካቦውን፣ ፈቃድ ጠይቄው ነበር።

«ስድስት ሰው ሄዶብኛል» አለኝ። «አንቺ ብትጨመሪ ማሽኑን ማን ሊይዘው ነው? እኔ ልያዘው?»

«ብትይዘው አንድ ቀን እንኳ ሠራ ትባላለህ» አልኩት።

ከዚያ በኋላ ፈቃድ የሚባል ነገር እንደሌለ ይገባሃል። ምላሴን ታውቀዋለህ።

አሁን ደህና አድርገህ አንብብ። ጸሎት አልነበረም! ጸሎቴን ቤቴ ነው የምጸልየው። ቀናው፣ አንተ የባቡር ሰው ነህ፣ ሽመና ክፍል ገብተህ አታውቅም። እዚያ ማሽኑ ሲነሳ እናትህ ጆሮህ ላይ ብትጮህ አትሰማትም። ስለዚህ በከንፈር ነው የምናወራው። ያለ ድምፅ፣ አፍ ቅርጹን አስተካክሎ። ልጅ የታመመበት፣ ካቦው የመጣበት፣ ክር የተበጠሰበት፣ ሁሉም በከንፈር ነው። ያንተንም ቲያትር በዚያው መንገድ ነው ያስጠናኋቸው፤ እኔ በከንፈሬ እላለሁ፣ እነሱ በዓይናቸው ይይዛሉ። መድረክ ላይም እንደዚያው። ቃል ሲጠፋባቸው ዓይናቸው ወደ እኔ ይመጣል፣ ይወስዳል፣ ይመለሳል። ሕዝቡም አንተም አሮጊት ትጸልያለች ብላችሁ አለፋችሁ። አሮጊት አይደለሁም ደግሞ።

ተክሌ ለምን አልተሰማም ትለኛለህ። ይህን አሁን ልጽፈው ነው፣ አንብበህ ስትጨርስ አቃጥለው፣ ማልልኝ። አይሰሙም፣ ቀናው። ማሽኑ ጆሯቸውን በልቶታል። ፊት ለፊትህ ቆመው ስታወራቸው የሰሙ የሚመስልህ አፍህን ስለሚያዩ ነው። ከመጋረጃ ኋላ ሹክሹክታ ለመገርሳ ከድሬዳዋ እንደማንሾካሾክ ነው። «እንጃ፣ ጠፋብን» ያሉህም ለዚህ ነው። ጆሮው እንደደከመ የታወቀ ሸማኔን ወይ መጥረጊያ ያስይዙታል፣ ወይ በሩን ያሳዩታል። ስንት ዓመት እርስ በርሳችን ተሸፋፍነን የኖርንበትን ነገር፣ ፊደል በቆጠረ ሰው ፊት እንዴት ይናገሩት? እኔስ እንዴት ልናገረው? ጣቢያ ላይ ትተኸኝ ስትሄድ ምላሴ ጫፍ ደርሶ ነበር። ዋጥኩት። የግራ ጆሮዬ ራሱ መስማት ካቆመ ሦስት ዓመቱ ነው፣ ማንም አያውቅም።

አልዋሽህም፣ ደብዳቤህ ደርሶኝ አንድ ቀን ሙሉ ዝም ብዬ ልቀመጥ አስቤ ነበር። ይቅመሱት፣ የተማረ ሰው ያስታውሳቸው ብዬ። ከዚያ መገርሳ እህል አልቀመሰም ያልከው ትዝ አለኝ።

እንዲህ አድርግ። አለሚቱ ጎረቤቷን ሴትዮ ሆና ነው የምትወጣው። ልቀቃት። የእሷ ማሽን ከእኔ ማሽን ጎን ነው፣ ሳስጠና ስታይ ከርማ ቲያትሩን በሙሉ ታውቀዋለች፤ ስትሠራም ለራሷ ስትለው አይቻታለሁ። ጎረቤቲቱን ጎረቤቱ አድርግና አንተው ውጣ፤ የጻፍከውን አንተ ካልረሳኸው። አለሚቱን ከፊተኛው አግዳሚ መሀል አስቀምጣት፣ ጎን አይሆንም፣ መሀል። ማሾው ፊቷ ላይ ይብራ። ነጠላዋ አፏን እንዳይሸፍን። ቃሉን ቀደም አድርጋ ታድርስ፣ እነሱ ካቆሙ በኋላ ሳይሆን ሳያቆሙ። አፏን ግን ከልክ በላይ አትክፈት፣ ሕዝቡ አበደች ይላታል። ተክሌ ደብተሬን ይዞ አጠገቧ ይቀመጥ፤ ብትዘል ጉልበቷን ይንካት። ስለ ጉሮሮው እግዜር ይማረው፤ ጥፋቱ የሱ አይደለም፣ እየጮኸ መሞከሩም ደግ ሰው ቢሆን ነው።

እኔ አምስት ዓመት የያዝኩትን ወንበር ነው ለአለሚቱ የሰጠኋት። እሱን ዕወቅልኝ።

ኅዳር 14 ከሰዓት ፈረቃ ነኝ። ማሽኔ ላይ ሆኜ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እለዋለሁ። አይደርሳችሁም፣ ግን እለዋለሁ።

አሰለፈች


ድሬዳዋ፣ ኅዳር 17 ቀን 1956 ዓ.ም.

ለእትዬ አሰለፈች፣ ለመምህራችን፣

እግዚአብሔር ያክብርልን፣ ጆሮዎን ይጠብቅልን፣ ዕድሜ ይስጥልን። ሮሪሳ ተረኛ ስላልነበረ ደብዳቤው ሦስት ቀን ዘገየ እንጂ የዚያኑ ዕለት ነበር መጻፍ የፈለግሁት። ልብዎ ተሰቅሎ እንደሰነበተ አውቃለሁ፤ ይቅር ይበሉኝ።

ቀናን! ቀናን፣ እትዬ።

አዳራሹ እስከ መስኮቱ ሞልቶ ነበር። እንዳሉኝ አለሚቱን መሀል አስቀመጥኳት፣ ማሾውን አስጠጋሁላት። ነጠላዋን ከአፏ ዝቅ አደረገች። መጋረጃው ሲከፈት መገርሳ ወጣና ወደ አግዳሚው አየ። አለሚቱን አየ። ፊቱ ላይ የወጣውን ነገር እንዴት ብዬ ልጻፈው? ሰው ጠፍቶበት የነበረውን ቤቱን ሲያይ እንደሚሆነው ሆነ። ከዚያ በኋላ ቃሉ መጣ። ሲያንቀላፋ በአንድ ዓይኑ እያጮለቀ ነበር፤ ሕዝቡ የቲያትሩ ነገር መስሎት ጭራሽ በሳቅ ፈነዳ። «ጠጁ ደረሰ ወይ?» ብሎ ሲነሳ አንድ ሽማግሌ ከአግዳሚ ወደቁ። ደህና ናቸው፣ እየሳቁ ነው ያነሷቸው።

አለሚቱ አጠገብ የተቀመጡ አንድ የምድር ባቡር ጡረተኛ ከንፈሯን አይተው «ልጄ፣ ምን ሆነሽ ነው?» አሏት። መምህር ተክሌ በተዘጋ ጉሮሮው «ስለት አለባት» አላቸው። «አይ፣ ትጸልይ እንግዲህ» ብለው ፊታቸውን ወደ መድረኩ መለሱ።

አሁን ደግሞ የራሴን ጉድ ልንገርዎ። ጎረቤቱን ሆኜ ወጣሁ። በር አንኳኳሁ፣ ገባሁ፣ ያን ሁሉ ሰው አየሁና ራሴ የጻፍኩት ቃል ከራሴ ላይ በነነ። ተክሌ ቢጮህልኝ እሰማው ነበር፣ ጆሮዬ ደህና ነው፤ ግን ተክሌ ድምፅ የለውም። ወደ አለሚቱ አየሁ። ከንፈሯ ሲነሳ ሲወድቅ ምንም አልገባኝም፣ እንደ እናንተ አልተማርኩትም። መገርሳ ነው ያወጣኝ። ከእሷ ላይ አንብቦ፣ «ጎረቤቴ፣ ‹እንኳን ደስ ያለህ› ልትለኝ ነው የመጣኸው?» አለኝ። እኔም «አዎ» አልኩ። ከዚያ በላይ አልተናገርኩም። ቲያትሩን የጻፍኩት ሰውዬ «አዎ» ብዬ ወጣሁ። ከስምንታችን ደንቆሮው ማን እንደሆነ ያን ጊዜ ነው የገባኝ።

ክበቡ ለከርሞም እንድንመጣ በደብዳቤ ጠይቋል፤ ማኅተም ያለበት ነው፣ ለፋብሪካው ይደርሳል። መገርሳ በልቷል፣ ሁለት ጊዜ። መምህር ተክሌ ደብተርዎን በጨርቅ ጠቅልሎ ይዞታል፣ «በእጄ ካልሰጠኋት» ብሎ። «ማስተማር የምችል ይመስለኝ ነበር» ብሎ ጻፈልኝ፤ ድምፁ ገና አልመጣም። ደብዳቤዎን አቃጥያለሁ። ከማቃጠሌ በፊት ሦስት ጊዜ አነበብኩት፤ አንድም ሰው አላየውም፣ አያይምም።

በገና ማግስት በፋብሪካው ግቢ ለአቃቂ ሰው እንሠራለን። በማስታወቂያው ላይ ስምዎ ከእኔ ስም በላይ ይጻፋል። ከፊተኛው አግዳሚ መሀል ያለው ቦታ የእርስዎ ነው፣ አለሚቱም «ላስረክባት» እያለች ነው። ዘጠነኛ ሰው የሌለበት የይለፍ ወረቀት ሁለተኛ በእጄ አልቀበልም።

ውለታዎን የማልመልሰው፣
ቀናው


አቃቂ፣ ኅዳር 21 ቀን 1956 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለቀናው፣

ከጽዮን ማርያም መልስ ነው የምጽፍልህ። እሷ ናት ያመሰገንኳት፣ ቀጥሎ አንተን። በሉ እንግዲህ በሰላም ግቡ፣ የሄዳችሁበት ደግ ነበር፣ የምትመጡበትም ደግ ይሁን።

ደብዳቤህን ሮሪሳ የሰጠኝ ፈረቃ ልገባ በር ላይ ስደርስ ነው። ቆሜ አነበብኩት። «ቀናን» የሚለው ላይ ስደርስ ጠጄ፣ ያቺ ከኋላዬ የምትሠራው፣ «ሰው ሞተ እንዴ?» ብላ ያዘችኝ። እያለቀስኩ ኖሯል ለካ። «ማንም አልሞተም፣ ቀንቷቸው ነው» አልኳት። እሷ ገብታ በከንፈሯ ነገረች። እኔ ማሽኔ ጋ ሳልደርስ ክፍሉ በሙሉ ሰምቷል፤ መወርወሪያ እያወዛወዙ ነው የተቀበሉኝ። ካቦው ምን እንደሆነ እንኳ አላወቀም። «ምን ያስቃችኋል?» ይላል፣ ማን ሰምቶት!

አመሰግንሃለሁ፣ ቀናው። ይህን ቃል ከእኔ አፍ ስትሰማ የመጀመሪያህ ሳይሆን አይቀርም፣ አስቀምጠው። ደብዳቤውን ስላቃጠልክ አመሰግንሃለሁ። «አዎ» ብዬ ወጣሁ ብለህ ስለጻፍክልኝም አመሰግንሃለሁ፤ ሌላ ሰው ቢሆን ይደብቀው ነበር። ስሜን ከስምህ በላይ ጻፈው፤ አልግደረደርም፣ በትልቁ ጻፈው፣ የስኳር ጋዜጣ ያነበበ ሁሉ እንዲያነበው። ለመምህር ተክሌ ደግሞ ሌላ ጣሳ ማር አስቀምጬለታለሁ። ድምፁ ሲመለስ ይምጣና በከንፈር ማውራት አስተምረዋለሁ፤ እሱ ደግሞ ለመገርሳ ስሙን መጻፍ ያስተምረው።

ወንበሩን ግን አልቀበልም። ተቀይማ ነው እንዳትል፣ ቂሙ አልቋል። አለሚቱ ትቀመጥበት፣ ይገባታል። እኔ አንድ ነገር እለምንሃለሁ፣ ለማንም ነግሬው አላውቅም።

ያንን ቲያትር አይቼው አላውቅም። ስንት ጊዜ ሠራችሁት? ሃያ? ሃያውንም ጊዜ እዚያው ፊት ለፊት ነበርኩ፣ አንዱንም አላየሁም። እነሱ አንዱን ቃል ሲሉ እኔ ቀጣዩ ላይ ነኝ። ሰው ሲስቅ እኔ አልፌ ሄጃለሁ፤ ምን እንዳሳቀው ዞር ብዬ ካየሁ መገርሳ ባዶ ይቀራል። አቃቂ በሙሉ ሙሽራው ሲያንቀላፋ እንዴት እንደሚያስቅ ሲያወራ፣ እኔ አውቃለሁ እያልኩ ራሴን እነቀንቃለሁ። አላውቅም።

ስለዚህ በገና ማግስት ከኋላ፣ ከግንቡ ጥግ፣ መገርሳ ዓይኑን ቢያንከራትት እንኳ የማያገኘኝ ቦታ ያዝልኝ። አፌን ዘግቼ እቀመጣለሁ። እንደ ሰው ልየው፣ ሰው በሳቀበት ሰዓት እኔም ልሳቅ።

እህትህ፣
አሰለፈች